ባቡር ከመሳፈራችሁ በፊት ቤት የምትተዉት ወረቀት

ይህ ጽሑፍ ለገሃር አካባቢ በሚገኝ አዳራሽ አንድ ምሽት ካደረግኩት ንግግር የተዘጋጀ ነው። አነጋገሬን ብዙ አልነካካሁትም።

እንደምን አመሻችሁ። የማታውን የታክሲ ሰልፍ ትታችሁ እዚህ ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ። የጋበዙኝ ወጣቶች «ረጅም የባቡር ጉዞ እንዴት ይታቀዳል? መንገድ ላይስ ከቤተሰብ ጋር እንዴት መገናኘት ይቻላል? ይህን አውራን» አሉኝ። ለእኔ ሁለቱ አንድ ጉዳይ ናቸው። ለምን እንደሆነ እየቆየ ይገባችኋል።

ቦታውም ገጥሟል። ከዚህ ወጥታችሁ ትንሽ በእግር ብትሄዱ የድሮው ባቡር ጣቢያ ጋ ትደርሳላችሁ። ሕንፃው የተመረቀው በ1922 ዓ.ም. ነው። ለገሃር የሚለው ስምም የመጣው ከዚያው ነው። ፈረንሳዮቹ ጣቢያውን «ላ ጋር» ይሉታል፤ የከተማው ሰው ለገሃር አደረገው። «ሸመንደፈር»ም እንዲሁ የእነሱ ቃል ነው። ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነስቶ ድሬዳዋ የገባው በ1895 ዓ.ም. ነው። እዚህ ለመድረስ ግን እስከ 1909 ዓ.ም. ቆይቷል። ጠቅላላው 784 ኪሎ ሜትር ነበር።

አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ዐፄ ምኒልክ ለባቡሩ ሥራ ፈቃድ የሰጡት እ.ኤ.አ. በ1894 ነው። የአገራችን የቴሌ ታሪክም የሚቆጠረው ከዚያው ከ1894 ጀምሮ ነው። ባቡርና ስልክ አገራችን የገቡት እንደ መንታ ልጆች ነው ማለት ይቻላል።

ያኔ ከጅቡቲ አዲስ አበባ ሦስት ቀን ይፈጅ ነበር። ባቡሩ የሚሄደው ቀን ቀን ነው። ተሳፋሪው አንዱን ሌሊት ድሬዳዋ፣ ሌላውን አዋሽ ያድራል። አዋሽ ጣቢያው አጠገብ ያለው የድሮ ሆቴል የዚያ ዘመን ማደሪያ ነው። እስቲ ቤት የቀረውን ሰው አስቡት። ስልክ የለውም። ግን ባቡሩ የት እንደሚያድር ያውቃል። «ዛሬ ማታ አዋሽ ናቸው» ብሎ ይተኛል። ዝምታው አያስፈራውም። ዝምታው የጉዞው አንድ ክፍል ነው።

አሁን ስልኩ ኪሳችን ገባ። የቤተሰብ ልማድም አብሮ ተለወጠ። ቤት የቀረ ሰው በየሰዓቱ ድምፃችንን መስማት ለመደ። ሁለት ሰዓት ዝም ካልን ልቡ ይሰቀላል። ሐዲዱ ደግሞ ኔትወርክ ያለበትን እየመረጠ አይሄድም።

ይህ በራሴ ደርሷል። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከአገር ውጭ ረጅም የባቡር ጉዞ ላይ ነበርኩ። ለእናቴ «ሐሙስ ማታ እደርሳለሁ፤ እንደደረስኩ እደውልልሻለሁ» ብያታለሁ። ቲኬቱ ላይ ያለውን ሰዓት አምኜ ነው። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ባቡሩ ጫካ መሃል ቆመ። ከፊት ያለው ሐዲድ ላይ ብልሽት አለ ተባለ። 11 ሰዓት ሙሉ ቆምን። እኔ ቀኑን ሙሉ በመስኮት ቪዲዮ ስቀርጽ ውዬ የስልኬ ባትሪ አልቋል። ባያልቅም ኔትወርክ የለም።

እኔ ደህና ነበርኩ። አጠገቤ የተቀመጡ ሰዎች ሙዝ አካፈሉኝ። እንቅልፌንም ተኛሁ። አዲስ አበባ ግን የተኛ አልነበረም። ወንድሜ ሌሊቱን ስልክ ሲደውል አነጋው። እናቴ ገና ሳይነጋ ነጠላዋን አጣፍታ እስጢፋኖስ ሄደች። ዓርብ ረፋድ ላይ ደርሼ ስደውልላት ለትንሽ ጊዜ ዝም አለች። ከዚያ «በልተሃል?» አለችኝ። ሌላ ምንም አልተናገረችም።

ባቡሩን ያዘገየሁት እኔ አይደለሁም። ግን የት የት ድምፄ ሊጠፋ እንደሚችል ለእናቴ አልነገርኳትም። ምን ያህል ብዘገይ መጨነቅ እንዳለባት አልነገርኳትም። ይህ የእኔ ጥፋት ነው። ካርታው እጄ ላይ ነበር፤ አንድ ምሽት ቁጭ ብዬ ብጽፍላት ኖሮ ያን ሌሊት ትተኛ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ወረቀት ሳልተው ከቤት ወጥቼ አላውቅም። አንድ ገጽ ነው። እናቴ ሳሎን ባለው ቡፌ መስታወት ላይ በፕላስተር ትለጥፈዋለች። ዛሬ የምነግራችሁ ሁሉ ይህችን አንድ ገጽ ለመሙላት ነው።

ከሰዓት እንጀምር። እኛ ቀኑን የምንቆጥረው ከንጋት ነው። የውጭ ቲኬት የሚቆጥረው ከእኩለ ሌሊት ነው። 08:00 ማለት ከጠዋቱ 2 ሰዓት እንደሆነ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። እዚያ ላይ የሚሳሳት ብዙ የለም። ሰው የሚያሳስተው ሌሊቱ ነው። ቲኬቱ «ረቡዕ 01:00» ይላል እንበል። ይህ በእኛ አነጋገር ማክሰኞ ሌሊት 7 ሰዓት ነው። ትልልቆቹ «ለረቡዕ አጥቢያ» ይሉታል፤ ትክክለኛው አባባልም እሱ ነው። ረቡዕ ማታ 3 ሰዓት ላይ ሻንጣውን እየጎተተ ጣቢያ የሚደርስ ሰው ባቡሩ ከሄደ 20 ሰዓት ሆኖታል። ስለዚህ ቲኬት እንደቆረጣችሁ ከጎኑ በእስክሪብቶ በእኛ ሰዓት ጻፉበት። «ለረቡዕ አጥቢያ፣ ሌሊት 7 ሰዓት» በሉ። ወረቀቱ ላይም እንደዚያው ይግባ። እናታችሁ የፈረንጅ ሰዓት ስታሰላ አትድከም።

ቀኑም ያው ነው። 05/06 የሚል ቲኬት ቢሰጧችሁ እንደየአገሩ ጁን 5 ወይም ሜይ 6 ሊሆን ይችላል። ጁን 5 ከሆነ የእኛ ግንቦት 28 ነው። የእኛን ካላንደር የለመደ ዓይን ግን የካቲት 5 ብሎ ሊያነበው ይችላል። የወሩን ስም በፊደል ጻፉት፤ በሁለቱም አቆጣጠር።

ወደ ደቡብ ለምትሄዱ አንድ ደስ የሚል ነገር አለ። በስዋሂሊም ሰዓት የሚቆጠረው እንደ እኛው ከንጋት ነው። ታንዛኒያዊው ጠዋት «ሳአ ምቢሊ» ካላችሁ ቃል በቃል 2 ሰዓት ማለቱ ነው፤ የእኛው 2 ሰዓት። መጀመሪያ ስሰማው አገሬ የገባሁ መሰለኝ። ግን ተጠንቀቁ። ያው ሰው ወደ እንግሊዝኛ ሲዞር 8 ይላችኋል። ቲኬቱም የሚጻፈው በፈረንጁ ነው። ሁልጊዜ «ጠዋት ነው ማታ?» ብላችሁ ድገሙና ጠይቁ።

የሰዓት ነገር አሳሳች የሆነው ለእኛ ብቻ አይደለም። ከሞስኮ ቭላዲቮስቶክ የሚሄደው የሩሲያ ባቡር 9,289 ኪሎ ሜትር ይጓዛል። እስከ 2018 እ.ኤ.አ. ድረስ ቲኬቱ ላይ የሚጻፈው የሞስኮ ሰዓት ነበር። ሩቅ ምሥራቅ ያለ ተሳፋሪ ከሞስኮ 7 ሰዓት ርቆ በሞስኮ ሰዓት ባቡር ይጠብቅ ነበር። ከዚያ በኋላ ነው ወደየአካባቢው ሰዓት የተቀየረው።

አሁን ወደ ቅርቡ እንምጣ። የመጀመሪያ ረጅም ጉዞአችሁን ወደ ድሬዳዋ አድርጉት ብዬ እመክራለሁ። አዲሱ መስመር መስከረም 2009 ዓ.ም. ተመርቆ መደበኛ አገልግሎቱን ታኅሣሥ 2010 ዓ.ም. ጀመረ። በኤሌክትሪክ ነው የሚሄደው። የድሮው ሐዲድ ስፋቱ 1 ሜትር ነበር። የአሁኑ 1 ሜትር ከ43 ሳንቲም ተኩል ነው፤ ለዚህ ነው የድሮዎቹ ፉርጎዎች በአዲሱ ላይ መሄድ የማይችሉት።

ድሮ ሰው ከፒያሳ ወርዶ እዚሁ ለገሃር ይሳፈር ነበር። አሁን መሳፈሪያው ፉሪ ለቡ ነው። ከመሃል ከተማ ሩቅ ነው። ድሬዳዋም ስትደርሱ ጣቢያው ከከተማው ወጣ ብሎ ነው። ናጋድ የሚባለው የጅቡቲው ጣቢያም ከመሃል ከተማ ውጭ ነው። ይህን የምነግራችሁ በምክንያት ነው። ቤት የቀረ ሰው «ባቡሩ ደርሷል» ሲባል ሲሰማ «ልጄ ቤት ገብቷል» ብሎ ያስባል። በመካከሉ ግን ጨለማ፣ ሻንጣ፣ የታክሲ ክርክር አለ። ወረቀቱ ላይ የባቡሩን መድረሻና የእናንተን መድረሻ ለያይታችሁ ጻፉ። እንደ ደረሳችሁበት ሰዓት ሁለት ሰዓት ያህል ልዩነት ሊኖር ይችላል። የሚቀበላችሁን ሰው ስልክም እዚያው አስገቡ።

የመነሻ ቀንና ሰዓት ይቀያየራል። ጓደኛችሁ ባለፈው ወር በነገራችሁ አትሂዱ። ጣቢያው ደውሉ ወይም ሄዳችሁ ጠይቁ። መታወቂያ ያዙ፤ ድንበር የምትሻገሩ ከሆነ ፓስፖርት። ቆሎና ውሃ ያዙ። ልብሳችሁ ተደራራቢ ይሁን፤ አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው፣ ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ገደማ። ጠዋት ለቡ ላይ ያስለበሳችሁን ጃኬት መተሐራ ላይ ታወልቁታላችሁ።

መተሐራ ስትደርሱ ስልካችሁን አስቀምጡትና በመስኮት እዩ። በሰቃ ሐይቅ እዚያ ነው። ባለፉት አሥርት ዓመታት ውኃው እየሰፋ የድሮውን ሐዲድና የአስፋልት መንገድ ሲገፋ የኖረ ሐይቅ ነው። ጥቁሩ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ፣ ውኃው፣ ከኋላ የፈንታሌ ተራራ። ይህን ካላያችሁ የከፈላችሁበትን አላገኛችሁም ማለት ነው።

እስከ አዳማ ድረስ ኔትወርክ እምብዛም አያስቸግርም። ከተማው ተያይዟል፤ ቢሾፍቱ፣ ሞጆ፣ አዳማ። ከአዋሽ በኋላ ግን ነገሩ ይለወጣል። መኢሶን ስታልፉ የድሮው ዋና አስፋልት ወደ ደጋው ይወጣል፣ ወደ አሰበ ተፈሪ፣ ሂርና፣ ቁልቢ። ሐዲዱ ግን ቆላውን ይዞ በአፍደም፣ በኤረር፣ በሁርሶ አድርጎ ነው ድሬዳዋ የሚገባው። የስልክ ታወር የሚተከለው ሰው ወዳለበትና መኪና ወደሚበዛበት ነው። ስለዚህ እዚያ ቆላ ላይ ሲግናሉ ይመጣል፣ ይጠፋል። እኔ በሄድኩባቸው ጊዜያት ሁሉ ከመኢሶ እስከ ድሬዳዋ ያለውን «ዝምታ» ብዬ ነው የምጽፈው። ቢሠራ እሰየው። ባይሠራ ቤት ያለው ሰው ቀድሞ ያውቃል።

ወረቀቱ ላይ ካሉት ሁሉ ትልቁ ይህ ነው። እኔ «የዝምታ ሰዓት» እለዋለሁ። ከየት እስከ የት፣ ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት። «ከመኢሶ እስከ ድሬ ላልገኝ እችላለሁ፤ አትደንግጡ።» ከዚያ ደግሞ ሌላ አንድ ሰዓት ይጻፋል፤ ከዚያ ካለፈ ሰው መፈለግ የሚጀመርበት። ይህ ሰዓት የቲኬቱ መድረሻ መሆን የለበትም። ለአንድ ቀን ጉዞ እኔ ቢያንስ 5 ሰዓት እጨምራለሁ። ሁለት ሌሊት ለሚፈጅ ጉዞ አንድ ሙሉ ቀን።

ሁለት ሌሊት የሚፈጅ ባቡር አለ ወይ ትሉኝ ይሆናል። አለ፣ ያውም በእኛው በምሥራቅ አፍሪካ። አዲስ አበባ ተነስታችሁ በአውቶቡስ በሐዋሳ፣ በዲላ፣ በያቤሎ አድርጋችሁ ሞያሌ ትገባላችሁ። ከሞያሌ በማርሳቢት በኩል ናይሮቢ። ናይሮቢ ላይ ባቡር አለ። እ.ኤ.አ. በ2017 ሥራ የጀመረው የሞምባሳ ባቡር 470 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሄዳል፤ ፈጣኑ 5 ሰዓት አካባቢ ይፈጅበታል። ናይሮቢ ላይ ጣቢያው ሲዮኪማው ነው፣ ከመሃል ከተማው ውጭ። ፍተሻው ጥብቅ ነው። ሻንጣችሁን መሬት ላይ ደርድራችሁ በውሻ ያስፈትሹታል። ቢያንስ አንድ ሰዓት ቀድማችሁ ድረሱ። ቲኬቱ በስልክ ይቆረጣል፣ ክፍያውም በኤምፔሳ ነው። ስለዚህ ናይሮቢ እንደገባችሁ የመጀመሪያ ሥራችሁ ሲም ካርድ በፓስፖርት ማውጣት ይሁን።

ከሞምባሳ በአውቶቡስ ዳሬሰላም። ከዳሬሰላም ታዛራ የሚባለው ባቡር። ይህን ባቡር እወደዋለሁ፤ ትንሽ ልቆይበት። ዛምቢያ ወደብ የላትም። በዘመኑ መዳብዋን ወደ ውጭ ለመላክ በነጮች አገዛዝ ሥር ባሉ ጎረቤቶቿ በኩል ማለፍ ነበረባት። ሌላ መውጫ ስትፈልግ ከታንዛኒያ ጋር ሆና ቻይናን ጠየቀች። ቻይና ያለ ወለድ አበደረች። ሥራው በ1970 እ.ኤ.አ. ተጀምሮ በ1975 አለቀ። 1,860 ኪሎ ሜትር፣ ከ300 በላይ ድልድይ፣ ከ20 በላይ ዋሻ። ከዳሬሰላም እስከ ዛምቢያዋ ካፒሪ ምፖሺ። በወረቀት ሁለት ቀን ገደማ ነው። በተግባር ይረዝማል። የመንገደኛው አገልግሎት የሚቋረጥበት ጊዜም ስላለ፣ መሄድ አለመሄዱን ሳታረጋግጡ ዳሬሰላም ድረስ አትልፉ።

አንደኛ ማዕረግ አንዱ ክፍል 4 አልጋ አለው፣ ሁለተኛው 6። ክፍሉን ሙሉ ካልገዛችሁ በቀር ወንድና ሴት ለየብቻ ነው የሚመደበው። ባልና ሚስት ሆናችሁ የምትሄዱ ይህን አስቀድማችሁ አስቡበት። የታችኛውን አልጋ ያገኘ ቀን ቀን ከሁሉም ጋር ይጋራዋል፤ ሰው ይቀመጥበታል። የላይኛው ጠባብ ነው፣ ግን የራስ ነው። እኔ የላይኛውን እመርጣለሁ። ቱንዱማ ላይ ታንዛኒያ ታበቃለች። ከዚያ ወዲያ ሰዓታችሁን አንድ ሰዓት ወደ ኋላ መልሱ። ሲም ካርዱም እዚያ ያበቃል።

የቪዛን ነገር በአጭሩ ልለፈው፤ ሕጉ ስለሚቀያየር እያንዳንዱን ኤምባሲ ራሳችሁ ጠይቁ። የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ግን ከእጃችሁ አይለይ። ክትባቱ የሚጸናው ከተከተባችሁ ከ10 ቀን በኋላ ስለሆነ ለመጨረሻው ሳምንት አታቆዩት።

አሁን ስልኩን እናውራ። ባቡር ውስጥ ሲግናል ለምን ይጠፋል? ታወሩ መራቁ አንዱ ነው። ሌላው ፉርጎው ራሱ ነው። ብረት ነው። የአንዳንድ ፉርጎ መስታወት ደግሞ ፀሐይ እንዳይገባ በስሱ በብረት የተቀባ ነው፤ ያ ቅባት ሲግናሉንም ይከለክላል። ባቡሩ ሲፈጥን ስልኩ ከአንዱ ታወር ወደ ሌላው መቀያየር አለበት፤ በዚያ መሃል ጥሪው ይቆረጣል። ስለዚህ ጥሪያችሁን ባቡሩ ጣቢያ ሲቆም አድርጉት።

ስልክ ኔትወርክ ሲያጣ ዝም ብሎ አይቀመጥም። ይፈልጋል። ያ ፍለጋ ባትሪ ይበላል። በዝምታው መስመር ላይ ኤርፕሌን ሞድ አድርጉት። ጂፒኤስ ከሳተላይት ስለሚቀበል ኤርፕሌን ሞድ ላይም ይሠራል። ካርታውን ቤት ዋይፋይ ላይ ካወረዳችሁት ያለ ኔትወርክ የት እንዳላችሁ ታያላችሁ። ሰማያዊዋ ነጥብ በባዶው ቆላ ላይ ስትንቀሳቀስ ማየት ልብ ታረጋጋለች። መስኮት አጠገብ ሁኑ።

ፓወር ባንክ ስትገዙ ቁጥሩ አያታልላችሁ። 20 ሺህ የሚለው፣ 5 ሺህ የሆነ ባትሪ ያለውን ስልክ አራት ጊዜ ይሞላል ብለን እናሰላለን። አይሞላም። ኃይሉ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲተላለፍ በመንገድ በሙቀት ይባክናል። ሦስት ጊዜ ገደማ ከሞላላችሁ ጥሩ ነው። ፉርጎው ውስጥ ሶኬት ይኖራል ብላችሁ አትተማመኑ፤ ቢኖርም ለስንት ሰው ነው?

ወደ መልእክት ልምጣ። ቴሌግራም ሲጠፋ ኤስኤምኤስ ይሠራል። ለምን? በጣም ትንሽ ነገር ስለሆነ። ሲግናሉ ለጥቂት ሰከንድ ብልጭ ቢል ይወጣል። ለእናንተ የተላከውንም ቴሌው ጋ ያለው ማዕከል ይዞ ስልካችሁ እስኪገኝ ደጋግሞ ይሞክራል። እዚህ ላይ የእኛን ፊደል የሚመለከት አንድ ነገር አለ። በላቲን ስትጽፉ አንድ ኤስኤምኤስ 160 ፊደል ይይዛል። በአማርኛ ስትጽፉ 70 ብቻ። ከዚያ ካለፈ ተቆራርጦ ነው የሚሄደው፣ ሲግናል በደከመበት ደግሞ አንዱ ቁራጭ ሊቀር ይችላል። 70 ግን ለእኛ ፊደል ብዙ ነው። «መኢሶ አለፍኩ። ደህና ነኝ። ማታ 1 ሰዓት እደውላለሁ።» ይህ 40 እንኳ አይሞላም። ከቤት ሳትወጡ እንዲህ ያሉ ሦስት አራት መልእክቶች ጽፋችሁ አስቀምጡ። ብልጭ ሲል መላክ ብቻ ነው።

ድንበር የምትሻገሩ ባለ ሁለት ሲም ስልክ ያዙ። የአዲስ አበባው ቁጥራችሁ አይውጣ። ባንኩ የማረጋገጫ ቁጥር የሚልከው እዚያ ነው። ቴሌግራምም በሌላ ስልክ ልክፈት ስትሉት ኮዱን እዚያ ሊልክ ይችላል። ሮሚንግ ከመነሳታችሁ በፊት አስከፍቱ፣ ዋጋውንም ጠይቁ። ከዚያ የዚያን ሲም ዳታ ዝጉት። ኢንተርኔቱን በየአገሩ በምታወጡት ሲም ተጠቀሙ። የአስፈላጊ ሰዎችን ቁጥር ደግሞ በወረቀት ጽፋችሁ ኪሳችሁ ክተቱ። ስንቶቻችሁ ናችሁ የእናታችሁን ስልክ በቃል የምታውቁ?

(እዚህ ላይ አዳራሹ ውስጥ ከግማሽ የሚያንሱ እጆች ወጡ።)

ንግግሩ ካለቀ በኋላ አንዲት ወጣት ወደ መድረኩ መጣች። በሚቀጥለው ሳምንት ለመጀመሪያ ጊዜ በባቡር ድሬዳዋ ልትሄድ ነው። አክስቷ እዚያው ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ይኖራሉ። እናቷ በአውቶቡስ ሂጂ እያሏት ነው። «እስቲ ወረቀቱን አብረን እንጻፈው» አልኳት። ከቦርሳዋ ደብተር አወጣች። እኔ እየጠየቅኩ እሷ ጻፈች። እንዲህ ሆነ።

«እማዬ፣ ቅዳሜ ጠዋት ከለቡ እነሳለሁ። ፉርጎና ወንበር ቁጥሬን ተሳፍሬ እልክልሻለሁ። አዳማ ላይ እደውላለሁ። አዋሽ ላይ መልእክት እልካለሁ። ከመኢሶ በኋላ ስልኬ ላይሠራ ይችላል፤ ዘግቼው ነው፣ ባትሪ ለመቆጠብ። ድሬ ጣቢያ እንደወረድኩ መልእክት፣ እትዬ ቤት ስገባ ስልክ። ባቡሩ ቢዘገይ እትዬ ያውቃሉ፣ መጀመሪያ እሳቸው ጋ ደውይ። ቅዳሜ ሌሊት እስከ 6 ሰዓት ድምፄን ካልሰማሽ ጣቢያው ይደወል፤ ቁጥሩ ከታች አለ። ከዚያ በፊት ግን ተኚ።»

አንብባ ጨረሰችና እስክሪብቶውን መልሳ አነሳች። ከታች አንድ መስመር ጨመረች። «ምሳዬን ይዣለሁ።»